ኮከቡ እጅ አልጨመረም፦ የባንኮኩ ራን ጄ ፋይ የጉዳይ ጥናት

በባንኮክ አሮጌው ከተማ፣ ማሃቻይ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ፊት ለፊቱ ወለል ብሎ የተከፈተ ጠባብ ምግብ ቤት አለ። ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ዕቃውም የሰፈር ምግብ ቤት ዕቃ ነው። ማብሰያው ጓዳ አልገባም። ከቤቱ ጎን፣ መንገደኛ በሚያየው ቦታ፣ በሁለት የከሰል ምድጃዎች ላይ ዎክ ተጥዷል። ዎክ ሆዱ ጎድጎድ፣ አፉ ሰፋ ያለ ስስ የብረት መጥበሻ ነው። ምድጃው ሁለት ይሁን እንጂ ከፊቱ የሚቆሙት ሰው አንድ ናቸው፦ ጥቁር የሹራብ ኮፍያ የደፉ፣ ዓይናቸውን በትልቅ የበረዶ ሸርተቴ መነጽር የጋረዱ አረጋዊት።

ሚሼሊን የተባለው፣ ለምርጥ ምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው መመሪያ ኮከብ ከሰጠው ወዲህ ስለዚህ ቤት ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ዝና ዝናውን ነው። ለተመጋቢ የሚጠቅመው ነገር ሌላ ቦታ አለ። ትንሽ የታይ ምግብ ቤት ምን ያህል ሰው እንደሚያስተናግድ የሚወስነው የወንበሩ ብዛት ሳይሆን ዎኩና ዎኩን የያዘው እጅ ነው። ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም፣ ዋጋው ለምን እንደሚከብድ፣ ምን ማዘዝ እንደሚሻልና ምን እንደማይሻል፣ ሁሉም ከዚህ ይመነጫል። ራን ጄ ፋይ ይህን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው ለጥናት የተመረጠው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩና ስሙ

ራን በታይኛ ሱቅ ወይም ቤት ማለት ነው። ጄ ከቻይና ስደተኞች ቋንቋ የገባ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ታላቅ እህት ነው፤ እትዬ እንደማለት። ፋይ ደግሞ ማርያም የሳመችው የምንለው ጥቁር ነጥብ ነው፤ የቤቱ ባለቤት በሆኑት በእኒያ አረጋዊት ፊት ላይ አለ። ትክክለኛ ስማቸው ሱፒንያ ጁንሱታ ይባላል። ምግብ ማብሰል የጀመሩት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የልብስ ስፌት መኪናቸውን እሳት ከበላው በኋላ የቤተሰባቸው ሙያ ወደነበረው ኑድል ተመለሱ። መጀመሪያ ርካሽ የዶሮ ኑድል ይጠብሱ ነበር፤ በዓመታት ውስጥ ወደ ትልልቅ ሽሪምፕና ወደ ሸርጣን ሥጋ አደጉ። ኮከብ የሚባል ነገር ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የባንኮክ ሰው ቤቱን ያውቀው ነበር፣ የሚያውቀውም ውድ ነው እያለ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዋጋው በዝና ምክንያት ድንገት የመጣ የሚመስላቸው አሉ፣ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም።

ሰፈሩ ፕራቱ ፒ፣ ማለትም የመንፈስ በር፣ ይባላል። በጥንት ጊዜ በከተማው ቅጥር ውስጥ የሞተ ሰው አስከሬን በዚህ በር ወጥቶ ወደ ዋት ሳኬት ቤተ መቅደስ ይወሰድ ነበር። ዛሬ ሕያዋን ይሰለፉበታል። ከጄ ፋይ ጥቂት እርምጃ እልፍ ሲሉ ቲፕሳማይ የሚባለው የፓድ ታይ፣ ማለትም የተጠበሰ የሩዝ ኑድል፣ ቤት አለ፣ እሱም የራሱ ሰልፍ አለው። አዲስ መጤ አንዱን ሰልፍ ከሌላው አምታቶ ረጅም ሰዓት የሚቆምበት አጋጣሚ ስላለ፣ ከመሰለፍ በፊት የቤቱን ስም ማረጋገጥ ነው።

ዲሴምበር 6 ቀን 2017

የመጀመሪያው የባንኮክ ሚሼሊን መመሪያ በዚህ ዕለት ይፋ ሆነ። የታይላንድ ቱሪዝም ባለሥልጣን መመሪያው ወደ አገሪቱ እንዲመጣ ለ5 ዓመት 144 ሚሊዮን ባህት መድቦ ነበር፤ ባህት የታይላንድ ገንዘብ ነው። ኮከብ ያገኙት ቤቶች 17 ናቸው። አብዛኞቹ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ብዙ አብሳይ ያላቸው ናቸው፤ ጄ ፋይ በመካከላቸው አንድ ኮከብ ይዛ ተገኘች። ሚሼሊን ኮከብ የሚሰጠው ሳህኑ ላይ ላለው ነገር ነው፤ ወንበርና ግድግዳ አይመዝንም። ስለዚህ ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ከሕጉ ውጭ አልነበረም።

በጊዜው ሌላም ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አካባቢ የከተማው አስተዳደር የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮችን ከእግረኛ መንገድ ላይ እንደሚያነሳ አስታውቆ ብዙ ጩኸት ተነስቶ ነበር። ጄ ፋይ የመንገድ ምግብ ተብላ ብትጠራም በራሷ ቤት ውስጥ ያለች ስለሆነች ይህ አልነካትም። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ጋሪ እየገፋ በሌላው ኮከብ እየጋበዘ መሆኑን ግን ያላስተዋለ አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ለመብላት የመጣው ከፎቶ አንሺው ጋር ተቀላቀለ፤ መግቢያው ላይ የተራ መዝገብ ተቀመጠ። የቤቱ ባለቤትም ብዙ ሳይቆዩ ኮከቡን መመለስ ቢቻል ደስ እንደሚላቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። አባባላቸው ትሕትና ወይም ማጋነን የመሰለው ሰው ነበር። ሒሳቡን ለሠራ ግን ግልጽ ነው።

ሒሳቡ

የሚከተለው ግምት እንጂ የቤቱ መዝገብ አይደለም፣ ነገር ግን ነገሩን ለመረዳት ይበቃል። ኑድል ከኦምሌት ይፈጥናል፤ አማካዩን አንድ ሳህን በ5 ደቂቃ እንበል። ሁለቱም ዎኮች ያለ ዕረፍት ቢሠሩ በሰዓት 24 ሳህን ይወጣል። አራት ሆነው የመጡ ሰዎች በአማካይ 6 ሳህን ካዘዙ፣ በሰዓት የሚስተናገደው 4 ቡድን ነው። በመዝገቡ 30ኛ ላይ የተጻፈ ቡድን ከፊቱ 29 አለ፤ ከ7 ሰዓት በላይ ይጠብቃል ማለት ነው። ከሰል ለመጨመር፣ ዎክ ለማጠብና ትንፋሽ ለመውሰድ የሚሄደው ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ጠረጴዛ ቢጨመርስ? ምንም አይለወጥም። ውጭ የቆመው ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ሳህኑ ግን በዚያው ፍጥነት ነው የሚመጣው። ሰልፉ ቦታ ቀየረ እንጂ አላጠረም። እንዲያውም ተቀምጦ መጠበቅ ከቆሞ መጠበቅ ይብሳል፤ የተቀመጠ ሰው ምግቡ አሁን ይመጣል ብሎ ያስባልና። አስተናጋጅ መጨመርም እንደዚያው ነው።

የሚጠቅመው ረዳት ከዎኩ በፊት ያለውን ሥራ የሚሠራ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት ሽሪምፕ ይላጣል፣ ሸርጣን ይፈለፈላል፣ ኑድል በየድርሻው ይለያያል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይወቀጣል፣ እንቁላል ይመታል። አንድ ትእዛዝ ሲመጣ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ሳህን ተሰናድቶ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ አብሳዩ ወደ ጎን ዞሮ መፈለግ የለበትም። አንዲት የጎደለች ነገር፣ የተረሳ የዓሣ ሶስ ጠርሙስ እንኳ፣ ዎኩ ጦፎ ሳለ ግማሽ ደቂቃ ከወሰደ ነጭ ሽንኩርቱ ይመራል፣ ሳህኑም ይበላሻል። በጄ ፋይ ይህን ሁሉ ረዳቶች ይሠራሉ፤ ደንበኛ መቀበሉንና መዝገቡን ልጃቸው ያግዟቸዋል። ዎኩን ግን ለማንም አይሰጡም።

ለምን አይሰጡም?

መልሱ ከሰሉ ላይ ነው። የጋዝ ምድጃ ቁልፍ አለው፤ ቀንስ ካሉት ይቀንሳል። ከሰል ቁልፍ የለውም። እሳቱን የሚያስተካክሉት ዎኩን ከፍ ዝቅ በማድረግ፣ ከሰሉን በመበተን ወይም በማሰባሰብ፣ ነፋስ በመስጠትና ዘይት በመጨመር ነው። ከሰሉ በተጨመረ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ አመድ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ያው ምግብ በአንዱ ሰዓት 3 ደቂቃ፣ በሌላው 4 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ይህን በመለኪያ ጽፎ ለሌላ ሰው ማስረከብ አይቻልም፤ በዓይንና በጆሮ ነው የሚያዘው። ዘይቱ ሲንጫጫ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ሳያይ ይሠራል።

የቤቱ ስም የተጠራበት ምግብ ካይ ጂያው ፑ፣ የሸርጣን ኦምሌት ነው። ተራው የታይ ኦምሌት ቀላል ነገር ነው፦ 2 እንቁላል ከ1 የሻይ ማንኪያ የዓሣ ሶስ ጋር አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፣ በትንሽ ዎክ ውስጥ አንድ ኩባያ ያህል ዘይት እስከ 180 ወይም 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋላል፣ እንቁላሉ ከፍ ካለ ቦታ ይፈስበታል። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ውኃ ወዲያው እንፋሎት ስለሚሆን ዳርዳሩ ይነፋል፣ ይንኮሻኮሻል። በአንድ ጎን አንድ ደቂቃ ገደማ፣ ተገልብጦ ከዚያ ያነሰ፣ ከዚያ ሩዝ ላይ። ዘይቱ ካልጋለ እንፋሎቱ ይደክማል፣ እንቁላሉም እንደ ስፖንጅ ዘይት ይጠጣል። ቤት ውስጥ የሚሞክሩ ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ዘይት ፈርተው ሲያሳንሱ የበለጠ ዘይት ይበላሉ።

የጄ ፋይ ኦምሌት መጠኑ የተገለበጠ ነው። እንቁላሉ መጠቅለያ፣ ሸርጣኑ ዋናው ምግብ ነው። ትልልቅ የሸርጣን ሥጋ ከተመታ እንቁላል ጋር ተዋሕዶ በብዙ ዘይት ውስጥ ይገባል። ጠርዙ መያዝ ሲጀምር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከዚያ እየተንከባለለ፣ የጋለ ዘይት በጭልፋ እየፈሰሰበት፣ ረጅም ድቡልቡል ጥቅል ይሆናል። ውጩ ወርቃማና ደረቅ፣ ውስጡ ርጥብ። የሚበላሸውም በብዙ መንገድ ነው። ሸርጣኑ ውኃ ከያዘ ዘይቱ ይፈናጠራል፣ ጥቅሉም ይፈታል። እሳቱ ከበረታ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ እንቁላል ይሆናል፤ ከደከመ ጥቅሉ ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል። ማዞሩ ከዘገየ አንዱ ጎን ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ያ የበረዶ መነጽር ለትርኢት የተደረገ የሚመስለው ሰው አለ፤ ርጥብ ሸርጣን የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ያየ ግን አይጠይቅም።

ኑድሉ ሌላ ትምህርት ነው። ፓድ ኪ ማው የሚባለው፣ ክራፓው ከሚባል የበሶብላ ዓይነት ቅጠልና ከቃሪያ ጋር የሚጠበሰው ኑድል፣ ሴን ያይ ከሚባል ሰፊ የሩዝ ኑድል ይሠራል። ኑድሉ በዕለቱ የተሠራ መሆን አለበት። ማቀዝቀዣ ከገባ በሩዙ ውስጥ ያለው ስታርች ይጠነክራል፣ ዎክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይቆራረጣል። በጋለ ዎክ ላይ ሶስ ሳይነካው ትንሽ ጠቆር እስኪል ይተዋል፤ ታዮች ክሊን ክራታ፣ የመጥበሻ ሽታ፣ የሚሉት ጣዕም የሚወለደው ያኔ ነው። ሶሱ ከቀደመ ስኳሩ ያርራል፣ ኑድሉ ግን አይጠበስም፣ ይቀቀላል።

ለማንኛውም ትንሽ ቤት የሚሠራው ዕውቀት ደግሞ ይኸው ነው። አንድ ዎክ በአንድ ጊዜ ጥሩ አድርጎ የሚጠብሰው ኑድል አንድ ወይም ሁለት ድርሻ ነው። ሦስተኛው ሲጨመር ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ኑድሉ ውኃ ያወጣል፣ ይጣበቃል። ስለዚህ አራት ሰዎች አራት የተለያየ ምግብ ቢያዙ ዎኩ አራት ጊዜ ይሠራል፤ በየመካከሉ በውኃና በቀርከሃ መጥረጊያ ይታጠባል፣ ውኃው ይደፋል፣ እስኪጨስ እንደገና ይጋላል። ሁለት ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢያዙ ግን ሁለት ዙር ይበቃል። ቀትር ላይ፣ የቢሮ ሠራተኛ በሚጎርፍበት ሰዓት፣ ባንኮክ ውስጥ ሰዎች ጓደኛቸው ያዘዘውን ሲደግሙ የሚታየው ምርጫ አጥተው አይደለም።

የዎክ ደቂቃ ስንት ያወጣል?

ከኮከቡ በኋላ ባሉት ዓመታት የሸርጣን ኦምሌቱ ዋጋ 1,000 ባህት መሆኑ በስፋት ተዘግቧል፤ በኋላም ጨምሯል። ተራ ኦምሌት በሩዝ ላይ መንገድ ዳር ከ40 እስከ 60 ባህት ነው። ልዩነቱ ሰውን ያስቆጣል፤ ቁጣው ግን ሁለቱን አንድ ምግብ አድርጎ ከማየት ይመጣል። አንደኛ፣ የሸርጣኑ ሥጋ ትልልቁ ስለሆነ ዋናው ወጪ እሱ ነው። ሁለተኛው ብዙም አይነገርም፦ ይህ ቤት የሚሸጠው የዎክ ደቂቃ ነው። 60 ባህት የሚሸጥ በክራፓው ቅጠል የተጠበሰ ሳህን ዎኩን ለ2 ደቂቃ ቢይዝ፣ በደቂቃ 30 ባህት ነው። ኦምሌቱ ዎኩን 10 ደቂቃ ቢይዝ፣ በዚያው ሒሳብ ሸርጣን ሳይገዛ 300 ባህት ሊያወጣ ይገባዋል። በዚያ ላይ ሸርጣኑ፣ በዚያ ላይ የአንድ ሰው ክንድ።

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። የታይላንድ ሕግ ምግብ ቤት ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ግራ የሚያጋባው በክብደት የሚሸጥ የባሕር ምግብ ነው፤ ዓሣው ወይም ሽሪምፑ ከመጠበሱ በፊት ክብደቱንና ጠቅላላ ዋጋውን መስማት ያስፈልጋል። ሌላው ፒሰት የምትባለው ቃል ናት፤ ልዩ ማለት ናት። አስተናጋጁ ታማዳ ወይስ ፒሰት ብሎ ሲጠይቅ የሚለው ተራ ድርሻ ነው ወይስ የበለጠ ነው። ፒሰት ብሎ የመለሰ ሰው ብዙ ሥጋ ያገኛል፣ ይከፍላልም። በኑድል ቤት ጭማሪው ጥቂት ባህት ነው፤ በሸርጣን ቤት ግን ጥቂት ላይሆን ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ

ሁለት ሰዎች ወደ ጄ ፋይ ቢሄዱ አንድ ኦምሌት፣ አንድ ፓድ ኪ ማውና አንድ ሩዝ ይበቃቸዋል። አራት ከሆኑ አንድ ኦምሌት ለሁሉም፣ ሁለት የተለያየ ኑድል፣ በተጨማሪም ፑ ፓድ ፖንግ ካሪ የሚባለው ሸርጣን በካሪ ዱቄትና በእንቁላል የተጠበሰው፣ ከሩዝ ጋር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታዘዝ። ኋላ የታሰበች አንዲት ሳህን በዎኩ ተራ ከሌሎች ጠረጴዛዎች ኋላ ትሰለፋለች፣ እሷ ስትመጣ የቀረው በርዷል። ሳህኖቹ አንድ ላይ እንደማይደርሱም መጠበቅ ነው፤ የታይ ምግብ በመግቢያና በዋና ምግብ አይከፈልም፣ ዎኩ በጨረሰ ቁጥር ይመጣል። የመጣውን ትኩሱን መብላት እንጂ ሁሉም እስኪሟላ መጠበቅ ኦምሌቱን ያላሽቀዋል፤ ውስጡ ያለው እንፋሎት ቅርፊቱን በደቂቃዎች ያለሰልሰዋል።

ሩዝ የየግል ነው፣ ሌላው የጋራ። ከጋራው ሳህን በአንድ ጊዜ አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ ወደ ራስ ሩዝ ይወሰዳል፤ መከመር ስግብግብ ያሰኛል። ወደ አፍ የሚሄደው ማንኪያ ነው፣ በቀኝ እጅ ይያዛል፤ ሹካ በግራ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል። ቢላዋ አይመጣም፣ ምግቡ ተቆርጦ ነው የሚበስለው። ቾፕስቲክ የሚባሉት ሁለት የመብያ እንጨቶች ለኑድል ሾርባ ናቸው። ሩዝ በቾፕስቲክ ለመብላት የሚታገል እንግዳ አክብሮት እያሳየ ይመስለዋል፤ አስተናጋጁ ደግሞ ማንኪያ የጎደለው ይመስለዋል።

በኑድል ቤቶች ጠረጴዛ ላይ አራት ነገር የያዘ ማስቀመጫ ይገኛል፦ የዓሣ ሶስ ከተከተፈ ቃሪያ ጋር፣ የደረቀ ቃሪያ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቃሪያ የተነከረበት ኮምጣጤ። መጀመሪያ ይቀመሳል፣ ከዚያ በትንሹ ይጨመራል። ስኳር ኑድል ላይ መጨመር ለማያውቅ ይገርማል፤ ኮምጣጤውንና ጨዉን የሚያስታርቀው ግን እሱ ነው። በጄ ፋይ ደረጃ ግን አብሳይዋ አስተካክለው የላኩት ስለሆነ ሳይቀምሱ መነካካት የከፈሉበትን ማበላሸት ነው።

ቃሪያን በተመለከተ ስህተቱ የሰዓት ነው። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አብረው ተወቅጠው መጀመሪያ ዘይት ውስጥ ይገባሉ፤ ሳህኑ ከመጣ በኋላ ይቀነስልኝ ማለት አይሠራም። ስለዚህ ሲታዘዝ ይነገራል፦ ማይ ፔት አያቃጥል፣ ፔት ኒት ኖይ ጥቂት ብቻ። ሶም ታም የሚባለው የፓፓያ ሰላጣ በየትእዛዙ ስለሚወቀጥ የቃሪያውን ብዛት በቁጥር ማዘዝ ይቻላል፤ አንድ ፍሬ ካሉ አንድ ይገባል። ካሪ የሚባሉት የታይ ወጦች ግን ቅመማቸው አስቀድሞ የተፈጨ ነው፣ ሊለዝቡ አይችሉም፤ ምላሱ ለማይችል ሌላ ምግብ መምረጥ ይሻላል። ካቃጠለ ደግሞ ውኃ አይረዳም፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ሩዝ፣ ወተት ያለበት መጠጥ፣ የኮኮናት ወተት ያስታግሳሉ።

አለርጂ ያለበት ሰው ጉዳይ ከጣዕም ይከብዳል። የዓሣ ሶስ ጨው ባለበት ሁሉ አለ። የሽሪምፕ ልቁጥ ካሪ ውስጥ ይገኛል፤ የተፈጨ ለውዝ ፓድ ታይ፣ ሶም ታምና ማሳማን ካሪ ውስጥ አለ። አንድ ወይም ሁለት ዎክ ብቻ ባለበት ቤት ደግሞ ዘይቱና ጭልፋው የጋራ ነው። ሸርጣንና ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው ወደ ጄ ፋይ ለዶሮ ብሎ እንኳ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ያው ዎክ ከደቂቃ በፊት ሸርጣን ይዞ ነበር። ሥጋ ለማይበላ ሁለት ቃል አለ። ማንግሳዊራት ያለ ሥጋ ነው፣ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። ጄ ከእንስሳ የመጣ ነገር ሁሉ፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የሌለበት ነው። ይህ ጄ ከእትዬዋ ጄ በድምፅ ከፍታ ብቻ ይለያል፤ እትዬዋ ድምፅዋ ይወጣል፣ ምግቡ መካከለኛ ነው። ታይኛ ያልለመደ ሰው ጽሑፉን በስልኩ ቢያሳይ ይቀለዋል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ከባንኮክ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2016፣ በሲንጋፖር የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሶያ ሶስ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥ ሊያው ፋን የተባለ መደብር ኮከብ አግኝቶ ነበር። ባለቤቱ ቻን ሆን ሜንግ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ ሸሪክ ያዙ፣ ቅርንጫፎች ከፈቱ፣ ስሙ ከአገር ውጭ ወጣ። ዶሮው በትልቅ ድስት ተዘጋጅቶ ኋላ የሚቆረጥ ስለሆነ ለመብዛት ይመቻል። የመጀመሪያው መደብር በ2021 ኮከቡን አጥቷል። ምክንያቱን ሚሼሊን አይዘረዝርም፣ እኛም አንገምትም። ልዩነቱ ግን በምግቡ ባሕርይ ላይ ነው፦ አንዱ በድስት የሚበስል፣ ሌላው በአንድ ሳህን ልክ በዎክ የሚወለድ። በድስት የሚበስለውን በሁለት ማባዛት ሁለተኛ ድስት መግዛት ነው። ዎክን በሁለት ማባዛት ሁለተኛ ሱፒንያ መፈለግ ነው።

ሱፒንያ ቅርንጫፍ አልከፈቱም። የእስያ 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች ተቋም በ2021 የክብር ሽልማቱን ሲሰጣቸውም ከዎኩ ፊት ነበሩ። ያደረጉት ሦስት ነገር ነው፦ ዋጋውን ከሥራው ጋር አስተካከሉ፣ የተራ መዝገብ ያዙ፣ ቤቱ የሚከፈትባቸውን ቀናት አሳነሱ። ሦስቱም ያንኑ ዎክ ለመጠበቅ ናቸው። በሥራ አመራር ትምህርት ቤት ዓይን ዕድል ማባከን ይመስላል፤ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ለሚያይ ሌላ ምን ሊደረግ ይችል እንደነበር መናገር ይከብዳል።

ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የሚሠራው እንግዲህ ይህ ነው። በየሳምንቱ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ አስቀድሞ ያጣራል፤ ቤቱ ሳይከፈት ጠዋት ደርሶ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ ከፊቱ ስንት ቡድን እንዳለ ይቆጥራል፤ ጥሬ ገንዘብ ይይዛል። ሳም ዮት ከሚባለው የባቡር ጣቢያ 1 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ነው። ቁጥሩ ከራቀ ከጎን ያለውን የዋት ሳኬት ወርቃማ ኮረብታ፣ ከ300 በላይ ደረጃ ያለውን፣ ወጥቶ መውረድ ይችላል፤ ተራው ሲጠራ ካልተገኘ ግን ያልፈዋል።

መጠበቅ የማይፈልግ ደግሞ በዚያው ሰፈር ደንበኛ ያዘዘውን የሚሠራ፣ አሃን ታም ሳንግ የሚባለውን ዓይነት ቤት ያገኛል። እዚያም ከመቀመጡ በፊት ዎኩን ይቁጠር። አንድ ዎክ፣ ከፊቱ አምስት ሰው፣ እያንዳንዱ አንድ ሳህን ካዘዘ፣ በሳህን 3 ደቂቃ ሲሰላ ሩብ ሰዓት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ክራፓው ካዘዙና እሱም ክራፓው ካለ፣ አብሳዩ ከአንዱ ጋር አጣምሮ ይጠብስለታል፤ ከሩብ ሰዓቱም ቀድሞ ይደርሰዋል።